በስተቀር

ከበሩ በስተግራ ያለው፣ ነጭ ቆርቆሮ፣ ጥቁር ፊደል፣
«መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ነበር የሚል።
አሥራ ዘጠኝ ክረምት ሙሉ በረዶ ስጠርግለት፣
ቀለሙ ሲላጥ ቀባሁት፣ ወፍ ሲያቆሽሸው አጠብኩት።

በመስከረም አዲስ ሕግ መጣ። ርእሰ መምህሯ ጠራችኝ፣
ማርዳ ሆልተስ፤ ቀና ሳትል ቀለምና ብሩሽ ሰጠችኝ።
«ከታች አንድ መስመር ጨምር፤ ከላይ እንዲህ ብለው ልከዋል፦
‹ሕግ ከፈቀደላቸው በስተቀር›።» ቦታው ከየት ይመጣል?
ለ«ክልክል» አንድ ክንድ ሙሉ፣ ለ«በስተቀር» አንዲት ስንዝር፤
ትልቁ ቃል አጥር ሆኖ፣ ትንሿ ቃል ሆነች በር።

ማን እንደታጠቀ አይነገርም፤ ሕጉ ነው እንዲህ ያዘዘ፤
የስሞቹ ዝርዝር በፖስታ፣ በሸሪፉ ካዝና ተያዘ።
ልጆቹ ግን በምሳ ሰዓት፣ በከረሜላ ተወራርደው፦
«የመዘምራን መሪዋ ናት።» «ኧረ ቀሚሷ ስስ ነው።»
«የስፖርቱ ነው።» «በቁምጣ? የት አባቱ ሊደብቀው?»
«ዌንደል ነው፣ ጽዳቱ! ያ ሁሉ ኪስ ለምኑ ነው?»
ገልብጬ አሳየኋቸው፦ ካቻቢቴ፣ ጨርቅ፣ ቁልፍ፣
የሬይኔትም የወለቀ ጥርስ፣ ተጠቅልሎ በሶፍት ጫፍ።

ጠመንጃ የምጠላ እንዳይመስላችሁ። ቤቴ ሦስት አለኝ፤
በኅዳር አጋዘን አድናለሁ፤ አባቴ ነው ያስተማረኝ፦
«ባዶ ነው ብለህ አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙረው፤
ከእጅህ ያስቀመጥከው ጊዜ፣ በዓይንህ ተሸከመው።»
ታጠቅ ብለውኝም ነበር፤ ጥቂት ቀን ሥልጠና፣ መሐላ።
እምቢ አልኩ። ለምን? አሉኝ። መልሱ የመጣልኝ ኋላ።

የካቲት። ማክሰኞ ረፋድ።
ከሕፃናቱ ክፍል ማዶ፣ የመምህራኑ መጸዳጃ፣
ሳሙና ልሞላ ገባሁ።
ከሶፍቱ መስቀያ ላይ
ጥቁር። አጭር። ጋደም ብሎ።
አንዱ ሱሪውን ሲታጠቅ
ትጥቁን ረስቶት ሄዷል።

እጄን ሰደድኩ። መለስኩት።
ስሜ ፖስታው ውስጥ የለም፤
ብነካው ወንጀሉ የኔ፣
ባልነካው በሩ መቀርቀሪያ የለው፣
ኮሪደሩ ሕፃን ብቻ።
ያን ቃል የጻፍኩት እኔው፣ በገዛ እጄ፣ በብሩሽ።

ቢጫዋን ምልክት ተከልኩ፦ «ተጠንቀቁ፣ ወለሉ ርጥብ ነው።»
መወልወያዬን አግድሜ ከደጃፉ ቆምኩ።
ከግድግዳው ወዲያ ልጆች ፊደል ይዘምራሉ፤
መሀል ላይ ይጠፋባቸዋል፤ ይስቃሉ፤ ከመጀመሪያው።
እኔ በበሩ ስንጥቅ፣ አባቴ እንዳለኝ፣
በዓይኔ ተሸክሜው ቆሜያለሁ።
ሃያ ሦስት ደቂቃ። አጋዘን ጎትቼ ከጫካ ስወጣ
እንዲህ አልከበደኝም።

ሬይኔት መጣች፣ እግሯን አቆላልፋ፣
በጥርሷ ክፍተት እያፏጨች፦
«የኛው ተይዟል። ልግባ?»
«አይሆንም የኔ እናት፤ ርጥብ ነው።»
ጎንበስ ብላ ወለሉን ዳሰሰች፤
ጣቷን አሳየችኝ። ደረቅ።
«ለሁሉም ሰው ነው ክልክሉ?»
«ለሁሉም» አልኩ፣
የቀረውን ቃል ዋጥኩት።

ኦልምስቴድ እየሮጠ መጣ፣ ፊቱ እንደያዘው ጠመኔ።
ለልጄ ክፍልፋይ ያስተማረ፣ አንዲት ዜሮ ለረሳ
ገጹን ሙሉ እንደገና የሚያሠራ።
አልተያየንም። ገባ፤ ወጣ፤ ኮቱን ቆለፈ።
«ዌንደል» አለኝ። ስሜን ብቻ።

የሪፖርቱ ቅጽ ኪሴ ነው፣ ከካቻቢቴዬ ጎን፣ ያልተሞላ።
ያን ዕለት ባልዲዬን ሞልቼ
ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ወለወልኩ፣
ልጅቷ ተመልሳ ብትዳስስ
ውሸቴን ርጥብ እንድታገኘው።