ሁለት ፌርማታ

ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ስልኬ ሊጮህ ሲል፣
እጄ ይቀድመዋል ኮርኔል እንዳይነቃ፤
ጫማዬ ጋዜጣ ጎርሶ ቢያድር እንኳ
አንዱ እግር ደርቋል፣ አንዱ ገና ጭቃ።

ማቀዝቀዣው በር ላይ በማግኔት የያዝኩት
የአሥራ ስምንት ሳምንት የልምምድ ሰሌዳ
የቀይ ሥር ሾርባ ተረጭቶበታል፤
ያልሮጥኩት ማክሰኞ ለሐሙስ ሆኖ ዕዳ፣
ሐሙስም በተራው ከእሑድ ተበድሮ፣
እሑድ የእናቴን ገላ ሳጥብ ይመሻል፤
ደጄ ላይ ተሰልፏል አበዳሪው አድሮ።

ምን አስሮጠሽ ቢሉኝ፣ ታሪኬ አያኮራም፤
በስም ቀኔ ማታ፣ ወይን አደፋፍሮኝ፣
ስልኬን ነካ ነካ አድርጌ ተመዘገብኩ፤
ጠዋት መልእክት መጣ፣ «ክፍያው አይመለስም»፣
ራሴን እያመመኝ ደጋግሜ አነበብኩ።

ሥራዬ ትራም መንዳት፣ እዚሁ ፖዝናን ውስጥ፤
ከሐይቁ ዳር ዴፖ፣ ከዴፖ ሐይቁ ዳር፣
በቀን ሁለት ማራቶን ቁጭ ብዬ እጨርሳለሁ፣
ላብ ሳይወጣኝ፣ ጉልበቴም ሳይሰበር።
ብረቱ ነው ሯጩ፤ እነዚህ እግሮቼ
ያለ ምንም ትኬት፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ከሥሬ ተሳፍረው፣ ተቆላልፈው ተኝተው፣
መጨረሻው ሲደርስ «ቀጥዪ» እያሉ።

ኮርኔል ኳስ ሲጫወት የሜዳውን አጥር
ሃያ ሁለት ጊዜ ዞርኩት፤ አሠልጣኙ
«እመቤት፣ የጠፋ ዕቃ አለ?» አለኝ።
ፋርማሲ በሩጫ፣ በሩጫ ዳቦ ቤት፤
ከአሥሩ እንቁላል አራቱ ብቻ
ተረፉ በሕይወት።

ሰዎች ምክር አላቸው። «ግብሽን በዓይነ ሕሊና
ቀድመሽ ሣዪው» ይላሉ፤ ዓይኔን ስጨፍነው
የሚታየኝ ያልታጠበ ድስት ነው፣
ያልተከፈለ የመብራት ወረቀት ነው።
እኔን የሚያስነሣኝ ያን ያህል ክብር የለው፤
የታች ቤቱ አቶ ቤኖን ውሻውን አስከትሎ
ደረጃው ላይ «ዛሬስ ቀረሽ?» እንዳይለኝ ነው።

እሑድ፣ መስከረም ላይ፣ ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር።
ዝናቡ ከጎን ነው። ሃያ ሰባት ላይ
ጭኔ እንደ እርጥብ ማገዶ አልነድም አለኝ፤
ከኋላዬ ደወል። ዮቪታ ነች፤ ትራሟን
አቁማ፣ በሩን ከፍታ፣ «ግቢ!» አለችኝ።

ገባሁ።

ውስጡ ሙቅ ነው። አንዲት ባልቴት ቦርሳዋን
ከወንበሩ አንሥታ ቦታ ለቀቀችልኝ፤
የክርኔ ጠብታ ወለሉ ላይ ኩሬ ሠራ።
የእጅ ሰዓቴ፣ ሞኙ፣ ክንዴ ላይ ተንቀጥቅጦ
«እንኳን ደስ አለሽ» አለ፣ መብራት እያበራ፤
«በሕይወትሽ የሮጥሽው ፈጣኑ ኪሎ ሜትር!»
ሣቄ መጣ። ቀጥሎም
ሣቅ ያልሆነ ነገር።

ቁልፉን ተጫንኩ። ወረድኩ።
ሁለት ፌርማታ ወደ ኋላ፣ እያነከስኩ፣
የተሳፈርኩበትን ምሰሶ በእጄ እስክነካ ሄድኩ፤
ያን ጊዜ ዞሬ፣ ዕዳዬን ከዚያው ጀምሬ ሮጥኩ።

ማን ያየኛል ስል፣ ከዴፖ ስትመለስ
ዮቪታ ራሷ አጠገቤ አለፈች፤
ደወል አልደወለች፣ በርም አልከፈተች፤
የፊት መብራቷን ብቻ
ዝቅ አድርጋ ከፍ አደረገች።

ቤት ስገባ ኮርኔል ሹካውን እንደያዘ
«ስንት ሮጥሽ?» አለኝ። ሰሌዳው ላይ ሄጄ
ሠላሳ ሁለት ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት፤
ሠላሳ ሦስት አልኩ፤ እሱንም ሰረዝኩት፤
ከሾርባው ጠብታ ጎን ባዶውን ተውኩት።

ሰኞ ዕረፍት ነው፣ ይላል ሰሌዳው።
ሰኞ የመጀመሪያው ትራም የኔ ነው።
ሳይነጋ ከዚያ ፌርማታ ስደርስ
ጥላ የያዘ ሰው እንኳ አልነበረም፤
ምሰሶው ብቻውን ይንጠባጠባል።
ቆምኩ።
የሚወርድ ሰው እንዳለ ሁሉ
በሩን ከፍቼ ጥቂት ጠበቅኩ።