ቁልፍ ቁልፉን ብቻ

ለዩኒቨርሲቲው ያርባ ዓመት መጽሔት
"ቁልፍ ቁልፉን ብቻ፣ የማይረሳ ክስተት
ለቅመሽ ነይ" ተብዬ ሄድኩ ወደ ዘበኛው ቤት፤
በፖርቶ ኦስኩሮ ዝናብ ሳያባራ ሳምንት።

ዶን ኤሪቤርቶ ግን "ቁልፍ" ያልኩትን ሰምቶ
ከቀበቶው ፈታው ዘለላውን አውጥቶ፤
"ሠላሳ አንድ ነው" አለኝ አንድ ባንድ ቆጥሮ፣
"ከየቱ ልጀምር?"
የመነጽሩ ክንፍ በክር ታስሮ።

አንዱ ግማሽ ነበር፣ ጥርሱ የረገፈ።
"ይሄ ምድር በሰከረችበት ሌሊት የተረፈ።
ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ ግንቡ ሲሰነጠቅ፣
የሴቶቹ ማደሪያ መዝጊያው ተጣሞ ሲጣበቅ፣
ቁልፉ እጄ ላይ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀረ፤
በትከሻዬ ገፋሁ። መቶ አርባ ልጅ ነበረ፣
ብርድ ልብስ የደረበ፣ ባዶ እግሩን የወጣ።
አንዷ ግን ተመልሳ ሮጠች ወደዚያ ጣጣ፤
ማይክሮስኮፕ አቅፋ መጣች።
'የተዋስኩት ነው' አለች፣ 'በዕዳ እንዳልቀጣ።'
ያቺ ኪንቱራይ ነበረች።

"በዓመቱ ክፍያ ሲጨመር ግቢው ተቀየረ፤
ወንበር በወንበር ላይ፣ እግሩ ወደ ውጭ፣ ከበሩ ብረት ታሰረ።
እሷ ከጫፉ ቆማ ድምጿ እስኪዘጋ ጮኸች፣
'ወንበር ሊቀመጡበት እንጂ ሊሸጡት አልተሠራም!' እያለች።
ፖሊስ የጓሮውን በር ቁልፍ ሲጠይቀኝ ጠፋኝ አልኩ፤
ከምሳ ዳቦዬ ሆድ፣ ከአይቡ ሥር ቀበርኩ።
አለመብላት ያስጠረጥራልና እያዩኝ ገመጥኩ፤
ጥርሴ ብረት ሲነካ፣ ጮክ ብዬ ሳልኩ።"

ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ሌላ ቁልፍ ያዘ፣
ጫፉ አረንጓዴ፣ በርጥበት የወረዘ።
"ቤተ መጻሕፍት። ሰው ሰውን በፈራበት ያን ዘመን
እኔና ዲን ብቻ ቀረን።
ዲን ውሻ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው፤
እውነተኛው ዲን ሲሰሙ ዓመት አኮረፉ፣ ይብላኝላቸው።
ጧት ጧት መስኮት ስከፍት፣ መጽሐፉ እንዳይሻግት፣
እሱ ከትልቁ አዳራሽ፣ ከፊተኛው ረድፍ፣ ሄዶ ይተኛበት፤
ዓመት ከመንፈቅ አንድ ቀን አልቀረም። ዲግሪ ይገባዋል።
በበጋው ሞተ። ከባሕር ዛፉ ሥር ነው፣ ድንጋይ ተጭኗል።"

ጻፍኩት፤ ሰጠሁት። አለቃዬ አነበበ፣ ፈገግ አለ፣ ሰረዘ።
መጽሔቱ ወጣ፣ ወፍራም፣ ሪባን በሪባን የተያያዘ፦
ሚኒስትሩ ሲመርቁ፣ አዲሱ ቤተ ሙከራ፣
በካርድ የሚከፈት በር፣ ሲነኩት የሚያበራ።
ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ የዶን ኤሪቤርቶ እጅ ብቻ አለ፣
መቀሱን በትራስ አድርጎ ያቀበለ።

ኪንቱራይ ሬክተር ናት አሁን፤ ወንበሩ የሷ ነው።
ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ልጆቹ በክፍያ ተነሥተው
ወንበር ደረደሩባት። በመስኮቷ አየች ብዙ ጊዜ፤
ምን እንዳሰበች እንጃ፤ ቁጣም አይደል፣ አይመስልም ትካዜ።

በዚያው ሌሊት ከፓሲፊክ ማዕበል መጣ፤ መብራት ጠፋ፤
የካርዱ በር ሁሉ ባንዴ ተከፈተ፣ ወለል ብሎ ሰፋ።
እየሮጥኩ ወረድኩ። ዶን ኤሪቤርቶ ቀድሞኛል፣
ዘለላው ወገቡ ላይ ነው፤ ከሠላሳ አንዱ የቱ ይገጥማል?
ከክምሩ ጫፍ አንዲት ወንበር በጥንቃቄ መዘዘ፤
ልጆቹም አልከለከሉት።
ዝናቡን በእጅጌው ጠረገላት፣
በሩ መሀል አድርጎ
ተቀመጠባት።