ፍግ እስኪባል

የላሟ እበት ነው፣ የፈረስ ፋንድያ፣
የፍየሏ በጠጥ፤ ያወጣል ገበያ።
የውሻው ብቻ ነው ስም ያልወጣለት፣
ስድብ ካማረን ቀን በቀር አፍ የማይከፈትለት።

አይላ ግን፣ በፊንላንድ ሰሜን፣ ከሐይቁ ማዶ፣
ሃያ ሦስት ውሾች አሏት፣ ሸርተቴ የሚጎትቱ በበረዶ።
ጠዋት ጠዋት ትወጣለች መጥረቢያና ባልዲ ይዛ፣
መብራት ከግንባሯ አስራ፣ ገና በእንቅልፍ ደንዝዛ።

ታኅሣሥ ነው። ፀሐይ ከታየች ሦስት ሳምንት አልፏል፤
ያ ስም የለሽ ነገር ደንጊያ ሆኖ መሬቱን ነክሷል።
ቀጭ፣ ቀጭ ታደርገዋለች፤ ባልዲው ውስጥ ይንኳኳል።
ሽታ የለው፣ ዝንብ የለው። ብርድ ደግ ነው፣ ይሸፍናል፤
አበዳሪ ነው ግን ብርድ፣ ሚያዝያ ላይ ይጠይቃል።

በመጀመሪያው ዓመትማ «በረዶው ይብላው» ብላ ትታው ነበር፤
ሲቀልጥ ጉዱ ሁሉ ወረደ፣ ቡኒ ጅረት፣ እስከ ሐይቁ ዳር፣
እስከ ጎረቤቷ እስከ ኤይኖ መረብ፣ እስከ ውኃ መቅጃው።
ኤይኖ መጣ። ቦቲው ጭቃ፣
ባርኔጣውን ሳያወልቅ ቆሞ ከበራፏ ላይ፣
«ውሾችሽን እወዳለሁ» አላት፤ «አልጠጣቸውም ግን፣ አይ።»

ያኔ ጥቁር ፌስታል ገዛች። ቋጠረች፣ ቋጠረች፤
መቶ ሲሞላ፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ አየች፦
የሦስት ወር ዕድሜ ላለው የዘላለም ከፈን!
ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ደነገጠች።
ቀጥላ «በስባሽ ነው» የተባለውን፣ አረንጓዴውን፣ ውዱን ሞከረች፤
ዓመት ቆይታ ብትቆፍር
ጽሑፉ እንኳ ሳይደበዝዝ አገኘች።

አሁን ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ መግባት ረስታ ሌሊቱን ስትንከራተት፣
ላውሪ ከእንጨት መሰንጠቂያው በትራክተር ይመጣላታል።
ሁለት አካፋ ከዚያኛው፣ አንድ አካፋ ሰጋቱራ፣
ትንሽ ውኃ፤ ከዚያ በመንሽ ማገላበጥ፣ ተራ በተራ።
ረጅም ቴርሞሜትር ከክምሩ ሆድ ትሰካለች፤
እናት የልጇ ትኩሳት ሲወርድ ትስቃለች፣
አይላ ሲወጣ ነው። ሃምሳ። ሃምሳ ስምንት። ስልሳ ሦስት!
የሆድ ትል እንቁላል አይችለውም ያንን እሳት።
ሲበርድ ወገቧን ይዛ ትራገማለች፣
ተራግማም ትገለብጣለች።

በመስከረም ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናብ ያደረበት ጫካ ይሸታል።
ጆንያው ላይ በቀይ ቀለም፦ «ለድንች አይሆንም! ለካሮትም!»
ለዛፍ ነው፣ ለአበባ፣ ለማይበላ ሁሉ፤
ጠራጊ መኪና ልጣቸውን የላጣቸው በርቾች
ከመንገዱ ዳር ከሥራቸው ይጠጣሉ።

ትናንት ኤይኖ መጣ፣ ጋሪ እየገፋ።
ስለ አየሩ አወራ። ስለ ዓሣው። ስለ ጉልበቱ።
አንድ ጽጌረዳ አለች፣ ከሳውናው ግድግዳ ሥር፣ የሟች ሚስቱ፣
ዘንድሮ አላበበችም።
ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወደ ሐይቁ እያየ፣
«ከዚያ ፍግ» አለ፣ «ትንሽ ከተረፈሽ።»

ፍግ።
አይላ ሰማች፤ እንዳልሰማች ሆና አካፋውን አነሳች፤
ጋሪውን ሞላች፣ ጨመረች፣ በእግሯ ረገጠች፣ ደግሞ ጨመረች።

ከኋላቸው ኖኪ፣ መሪው፣ ሽማግሌው ውሻ፣
ሦስቴ ዞረ፣ ሽቅብ አየ፣
ጀርባውን አጎበጠና፣ ያለ ምንም ኩራት፣
የሚመጣውን ዓመት ጀመረ።