አራት ብርሌ

ማር ነጋዴ ነበርሁ፣ የደብረ ሲና ሰው፣
በኪሎ እየለካሁ፣ በጣቴ የምቀምሰው።
ጠጅ ቤት የቆየ ክርክር ነበር፤ «ማሩ ነው» ይላል ግማሹ፣
«ሙያው ነው» ይላል ግማሹ፤ ጠብ ይሆናል ሲያመሹ።

ሁለት ማር ነበረኝ፣ ያኔ በኅዳር ወር፤
አንዱ ከደጋ ወርዶ፣ ከጣርማበር ገደል ዳር፣
ነጭ፣ አሞሌ መሳይ፣ ጦስኝ ጦስኝ የሚል፣
ንቧ ከጉም ተሻምታ ያመጣችው በትግል።
ሌላው ከቆላ ነው፣ ከሸዋ ሮቢት ግራር ላይ፣
ቀይ፣ ቀጭን፣ የሚሮጥ፣ ሲያዩት ሻይ መሳይ።

ከሁለቱም ማሮች ለሁለት እኅትማማች ሰጠሁ፦
እኩሌታ ለዘርፌ፣ እኩሌታ ለእታፈራሁ።
ውሃው ከአንድ ምንጭ፣ ጌሾው ከአንድ ጓሮ፤
ጋኖቹም መንትያ፣ የተገዙ ዘንድሮ።

ዘርፌ እጇ አያርፍም። ሌሊት ተነሥታ ክዳኑን ታነሣለች፤
ታሸታለች፣ ጌሾ ትጨምራለች፣ «ገና ነህ» ትለዋለች።
እታፈራሁ ግን በጭቃ መርጋ፣ አፉን በጨርቅ አስራ፣
ወደ ጎመኗ ትሄዳለች፣ ወደ ሌላ ሥራ።
«አትቀምሺውም?» ብላት፣ ሳትዞር፣ ጎመን እየቀነጠሰች፦
«እኔ ምን ልጨምር? ንቧ'ኮ ጨርሳለች።»

የጥምቀት ማግስት ነው፤ አራት ብርሌ ሞልቶ
ከፊቴ ተደርድሯል፣ የማን እንደሆነ ጠፍቶ።
ጎማ ጠጋኙ አጎናፍር ምስክር ሆኖ መጥቶ።

በአንደኛው ጉም ቀመስሁ፤ ከጉሙ ኋላ ግን አንድ ሴት ነበረች፣
ስትነሣ ስትቀመጥ ሌሊቱን ያነጋች።
በሁለተኛው ጉሙ ብቻውን፤ በር እንኳ የለውም፤
ጣርማበር ቆሜ ነው እንጂ፣ ቤት ውስጥ አልነበርሁም።
ሦስተኛው ላይ አጎናፍር «ይቺማ ዘርፌ ናት!» አለ፤
ግራሩ በጌሾ ታስሮ፣ ደህና አድርጎ የበሰለ።

አራተኛውን አነሣሁ።
ግራሩ መጣ፣ አለፈ። ከኋላው ቆላው መምጣት ነበረበት፤
አቧራው፣ ሙቀቱ፣ የሮቢ ወንዝ አሸዋ።
የለበትም።
ባዶ ጣፋጭ ብቻ፤ አፈር ያልነካው፣ አበባ የማያውቀው፣
ሮቢት በር ዘግቼ፣ በፋኖስ፣ እኔ ራሴ የደባለቅሁት ስኳር ነው።

አጎናፍር ጨለጠና «ይጣፍጣል» አለ።
ዘርፌ ሳታውቅ ሸፍናልኝ ነበር፤
የእታፈራሁ ዝምታ ገለጠኝ።

ብርሌውን እንደያዝሁ ቀረሁ። እሷ ከበሩ ላይ አየችኝ፤
ጎመን አልያዘችም ያን ለት። ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦
«አንተ ማር ነጋዴ፣
ንቧ አልጨረሰችም ነበር እንዴ?»