ሁለተኛው ዓይን

ከቢቸና ወጥተን፣ ቁልቁለቱን ጨርሰን፣
ረፋድ ላይ ከዋሻው፣ ከደጃፉ ደርሰን፣
ቄሰ ገበዝ ልየው፣ ቁልፉን ካንገታቸው
ፈትተው እየሰጡኝ፣ ተያዘ ድምፃቸው።
«አንተ ግባ፣ ልጄ። እኔን ጉልበት ከዳኝ።
ከመናዱ በፊት፣ ቅዳና አውጣልኝ።»

አስፋልት ሊወጣ ነው፣ ማዶ በዳገቱ፤
ልስኑ ይራገፋል፣ በየድማሚቱ።

ሰባት እርከን ወረድሁ። ስምንተኛው የለም።
ስልኬን አበራሁት።

አፅም ከግራ ቀኝ፣ ሰሌን ተጠቅልሎ፣
አንዱ ቁርበት ለብሶ፣ አንዱ ሸማ ጥሎ።
ከበላያቸው ግን፣ ግድግዳው ተቀብቶ፣
ሠርገኛ ቤት መስሏል፣ ቄጠማው ተረስቶ።

ዮናስ እዚህ አለ፣ ወገቡን ተውጦ፤
ዓሣው ግን አምባዛ፣ ከዓባይ ተመርጦ።
ሠዓሊው መች አየ፣ ባሕር የሚባለውን?
ነቢይ እስኪውጥ ድረስ፣ ለጠጠው የሚያውቀውን።

የኖኅ ርግብ ወፍራ፣ ጅግራ ትመስላለች፤
ወይራዋንም ከደጅ፣ አሁን ቀጥፋ መጣች።
ሠለስቱ ደቂቅን፣ እሳት ቢከባቸው፣
ነበልባሉ ጤፍ ነው፣ ወገብ የደረሳቸው፤
አረም ላይ ያሉ እንጂ፣ አይመስልም መንደዳቸው።

«ለማን ነው?» አልሁ፣ ጮክ ብዬ።
መልስ የለም። ጠብታ።
ጧፍ ይዞ ለሚመጣ ሰው፣ በዓመት አንድ ማታ?
ወይስ ለነዚህ ነው፣ ለማይገላበጡት፣
ጣራ ጣራ እያዩ፣ ዘመን ለቆጠሩት?

ቀዩ የጉድባ አፈር፣ ጥቁሩ ጥላሸት፣
ማጣበቂያው እንቁላል፣ ምናልባት ካንዲት ቤት።
እኔ ተሸክሜ የመጣሁት ቀለም
ክዳኑ ላይ ቀን አለው፤ ከዚያ ወዲያ አይሠራም።

ከጥጉ ላይ ደግሞ፣ አንድ ሰው ብቻውን፣
በጎን ቆሞ አየሁት፣ ደብቆ ግማሽ ፊቱን።
ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ኃጥእ በአንድ ይሣላል፤
ይህን የብሩሽ ልጅ፣ ሀ ብሎ ይማራል።
«ይሁዳ ነው» ብዬ፣ ከረጢት ፈለግሁኝ፤
ጦር ይኖረው ብዬ፣ እሱንም አጣሁኝ።
የያዘው ብሩሽ ነው፣
ከፍየል ጠጉር የታሰረ፣
ጫፉ ላይ ቀይ ጠብታ
ሳትወርድ የቀረ።

ራሱን ነው እንግዲህ፣ በገዛ ቀለሙ፣
ከኃጥኣን ወገን፣ ጻፈው ያለ ስሙ።

ወይስ አልፈረደም? ካፍንጫው ባሻገር
ልስኑ ባዶ ነው፤ ዓይን ሊጻፍ ነበር?
ዐቢይ ጾም ገባና፣ እንቁላል ከለከሉት?
ወይስ አዲስ ሟች መጣ፣ «ልቀቅ ቦታ» አሉት?

ጠጋ አልሁ። ሣጥኔን ከፈትሁ።
አንድ ነጥብ ይበቃል። አንዲት ጥቁር ነጥብ።
ጠቁሬ ብሩሼን፣ ከፍ ከማድረጌ
ማዶ ጋራው ጮኸ።
ከዮናስ አምባዛ፣ ጢሙ ረገፈ፤
አሸዋው ባንገቴ፣ ጀርባዬን አለፈ።
ነጥቧን ይዣት ወጣሁ።

«ሁሉን ቀዳህ?» አሉኝ።
«አንድ ሰው ሲቀር» አልሁ።
«ዓይኑስ ስንት ነው?»
«እንጃ።»
ሳቁ ቄሰ ገበዙ። ያንደኛው ዓይናቸው፣ ሞራ የጋረደው፣
ወደ ፀሐይ ዞረ። «እንጃ፣ ደግ መልስ ነው።»

ሌሊት ቢቸና ላይ፣ ካልጋ ቤቱ አምፖል ሥር፣
አምባዛውን ቀዳሁ፣ ጢሙ እንደ ነበር፤
ጅግራዋን ከነወይራ፤ ጤፉን፣ ነዶ የማያልቀው፤
ሦስቱን አራሚዎች፤ ከጥግ ያለውን ሰው፣
ብሩሹን ከነጠብታው።
ካፍንጫው ወዲያ ስደርስ፣
ከዚያ ታች ይዣት የወጣሁትን ነጥብ
ላሳርፋት ስል፣
መብራት ሄደ።