ዘጠነኛው ምዕራፍ

ፒያሳ፣ ከላስቲክ ላይ፣ ካሮጌ መጻሕፍት መሐል፣
አነሣሁት በብርድ እጅ፤ ሽፋኑ ላልቷል፣ ተልጧል።
«ምንድን ነው?» አልኩት ሻጩን፤ «የልጆች ነው» አለኝ፣ «ቅዠት፤
ባጃጅ ይበራል በውስጡ፤ ምን ያደርግልሻል፣ እመቤት?»

ስልሳ ሁለት ልጅ አለኝ፣ አምስተኛ «ለ» ክፍል፤
መጽሐፉ ግን አንድ ብቻ። እንዴት አርጌ ላካፍል?
ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በሻማ፣ ምላጭ ይዤ፣
ክሩን በጠስኩት ቀስ ብዬ፣ ጥፋት እንደሠራ ልጅ ፈዝዤ።
ዘጠኝ ምዕራፍ፣ ዘጠኝ ጥራዝ፤ እያንዳንዱን በመርፌ ሰፍቼ፣
ለበጥኩት በፓስታ ካርቶን፣ ከጎረቤት ለምኜ አምጥቼ።

ታሪኩ? ጋራዥ ጓሮ የተጣለ፣ ጎማ የሌለው ባጃጅ ነው፤
ቤንዚን አይቀምስም፤ ጉም ነው፣ ጉም ሲጠጣ የሚነሣው።
ቁልፉ በአንዲት ልጅ እጅ ነው፤ ስሟን ደራሲው ሳይጽፍ አለፈ፤
እያንዳንዱ ልጅ በእርሳስ የራሱን ስም ከጎን ጻፈ።

ከዚያ ወዲያ መጽሐፌ በየሰፈሩ ሲፈስ፣
ምዕራፍ ሁለት ሆጤ ሲያድር፣ ስድስት ሰኞ ገበያ ሲደርስ፣
ምዕራፍ አራት ሙጋድ ከርሞ ሲመለስ በዘሀራ ቦርሳ፣
ኅዳጉ ላይ ተጽፏል፦ «ባጃጁ ይምጣ ወደ ጦሳ»።
እጅ ጽሑፉ የልጅ አይደለም። ያባቷ ነው፤ ባጃጅ ነጂ፤
ነዳጅ ሰልፍ ላይ አንብቦት ነው፤ ለልጁ አልነገራትም እንጂ።

ከዚያ ሱፐርቫይዘሩ መጣ፤ ጫማው ጭቃ፣ ፊቱ ደረቅ፤
ከኋላ ወንበር ተቀምጦ፣ ቅጹን ሊሞላ ሲጠባበቅ፣
«ዓላማው ምንድን ነው?» አለኝ፣ «ከክፍለ ጊዜው ማብቂያ ላይ
ተማሪው ምን ይችላል? ይለካል? ይታያል ወይ?
ባጃጅ በጉም አይነዳም። ልጆች ሐሰት አይማሩ።»
ሉባባ ተነሣች ያኔ፤ ስልሳ አንድ ራሶች ዞሩ፤
«ጋሼ፣ ጉም ነዳጅ አይደለም፤ እኛም እናውቃለን ይሄን፤
ቢሆን ግን ዓለም በሞላ ይለምን ነበር ደሴን።»
ክፍሉ ሳቀ። እሱም ሳቁ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ደርሶ፣
ዋጠው። ከቅጹ አንድ ሣጥን ባዶ ትቶ ወጣ፣ ኮቱን ለብሶ።

ግን ዘጠነኛው ምዕራፍ ጠፋ። ይማም ነበር የወሰደው፤
ይማም፣ ከሽሽቱ ወዲህ ቃሉን ቆጥሮ የሚያወጣው።
«የት አረግኸው?» ስለው ዝም፤ ጆሮው ብቻ ነደደ፣ ቀላ።
ስምንተኛው የሚቆመው ጉሙ ሲያልቅ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ከኋላ፤
ልጅቷ መሪውን ጨብጣ፣ ከታቿ ጥልቅ ገደል፤
ስልሳ ሁለት ልጅ አብሯት ቀረ፣ ሰማይ ላይ ሲንጠለጠል።

እኔ መጨረሻውን አውቃለሁ፤ «ረሳሁት» ብዬ ዋሸሁ፤
«እንግዲህ እናንተ አውርዷት» አልኩ፤ ወረቀት አደልሁ፤
ስልሳ አንድ መጨረሻ ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ።
አንዷ ቦርከናን አስነሥታ፣ ወንዙ ሽቅብ ዘሎ ቀለበ፤
አንዱ የኮምቦልቻን ፋብሪካ ጭስ በሲኖትራክ ጭኖ አቀረበ።
ሉባባ ብቻ ጣለቻት፦ «ወደቀች» ብላ ጻፈች፤
«ወደቀች። እግሯ ተሰበረ። ግን ሰኞ ትምህርት ቤት መጣች።»

የይማም ባዶ ወረቀት ነው። ዓርብ ግን፣ ሁሉም ሲወጣ፣
ከኪሱ አንድ ገጽ፣ የተጠቀለለ፣ ጨው የነካው፣ አወጣ።
እናቱ መናኸሪያ በር ቆሎ ነው የምትሸጠው፤
ጨለማ ነበር፣ አላወቀችም፤ ጥራዙን ቀዳ ጠቀለለችው።
ባቲም ሄዷል፣ ወልዲያም ሄዷል፣ በአይሱዙ፣ በዶልፊን መኪና፤
መጨረሻችንን ሳያነብ የጣለ አለ፣ ጣቱን ልሶ እንደገና።

«ሰኞ ልናገር?» አለኝ።
                         ይህን ያለኝ ይማም ነው።

ሰኞ ቆመ፤ ሰሌዳውን ተደግፎ፣ ጠመኔ ጀርባው ላይ ታትሞ።
ተናገረ። ደወል ተደወለ፤ ቀጠለ፣ የሒሳብ መምህሩም በር ላይ ቆሞ።
«ልጅቷ ወረደች» አለ፣ «ታች የሚጠብቃት ወንድሟ ነበር፤
ከሽሽቱ ቀን ጀምሮ እዚያው ቆሞ፣ ስሟን ሲጠራ ሲያድር።»

መጽሐፉን ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ወንድም የላትም።
ሽሽት የሚል ቃል፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን፣ አንድም ቦታ አልወጣም።

ትናንት ባጃጅ አለፈኝ፤ የዘሀራ አባት ነው የሚነዳ፤
ከኋላው በቢጫ ቀለም፦ «ጉም ካለ እንሄዳለን፣ ነዳጅስ ቢከዳ!»

ሱፐርቫይዘሩ ሰኔ ላይ ይመጣል፤ ያቺን ሣጥን ይጠይቃል።
ገጹ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ስከፍተው ቆሎ ይሸታል።