ይግባኝ

ጸሐፊው ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ስቦ ሰጠኝ፣
ሦስቱን ደረጃ ወጥቼ፣ እስካርፍ ጠበቀኝ።
«የሠራተኛ ቁጥር?» አለኝ፣ ብዕሩን በምላሱ ልሶ።
ቁጥር የለኝም አልኩት።
ቅጹን አየው፣ እኔን አየ፣ ቅጹን አየው አጎንብሶ።

ሰባት ዓመቴ ነበር። ከኦሬንጅ ወንዝ ወዲህ፣ ከማዕድኑ አፋፍ፣
እናቴ ሳና አለት ትፈልጣለች፣ ከንጋት እስከ እራፋፍ፤
ሰማያዊውን ፀጉር ከድንጋዩ ራስ ትነጫለች።
እኔና ኤልሲ ደግሞ ጆንያ ውስጥ ገብተን፣
እንረግጠዋለን፣ ቦታ እንዲተርፈው፣ በዘፈን አጅበን።
አቧራው ያበራል በቀትር ፀሐይ፣
እኛም ኮከብ ነን እንላለን፣ የወረድን ከሰማይ።
የቀኑ ሒሳብ ግን በእናቴ ካርድ ላይ ነው፤
ሁለት ልጅ፣ አራት እግር፣ ካርዱ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነው።

«ወረቀት ከሌለ ካሣም የለ» አለ፤
እጁ ግን ቅጹን ሳይዘጋ፣ አየር ላይ ተንጠለጠለ።

ያኔ ነው መዝገቡን ከዘንቢሌ ያወጣሁት።
የፈርሜውለን ሱቅ የዱቤ ደብተር፤ ልጁ ማግዳ ከጣሪያ ሥር ያገኘችው፣
አይጥ ጠርዙን በልታ፣ ቀለሙን የተወችው።
«ለሳና ልጅ ለዲና፣ ለጆንያ ረጋጯ፣ ግማሽ ቆርቆሮ ማርማላታ፤
ከእናቷ ይቆረጥ፣ ቅዳሜ ማታ።»
ስሜን ከደመወዝ ዝርዝር ፈልጌ ያጣሁት፣
ዕዳ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲጠብቀኝ አገኘሁት።
ሰው ከዕዳው ይሸሻል፤
እኔ ዕዳዬን ሳምኩት።
ጸሐፊውም ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ሳል ቀደመኝ፤
ውሃ ሰጠኝ።

የኤልሲ ፋይል ግን ተዘጋ።
ስምምነቱ ሳይፈረም፣ በአሥራ አንድ ቀን ቀድማ ሞተች፤
ለሞተ ሳንባ ፎቶ አይነሣም፤ ፎቶ የሌላት አልታመመች።

ለእኔ ደረሰኝ፤ በደብዳቤ፣ በመቶኛ ተሰልቶ፣
የትንፋሼ ስንት እጅ እንደሄደ፣ ስንት እጅ እንደቀረ ተለይቶ።
የቤቴን ግራጫ ክዳን አስነሥቼ በቆርቆሮ ለወጥኩ፤
እሱም ከዚያው ድንጋይ ነበር፤ ስንት ሌሊት ከሥሩ አሳለፍኩ!
የተረፈው ለማሽኑ ሆነ፣ አልጋዬ ጎን ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሽማግሌ ለሚያጉረመርመው።
ለኤልሲ መቃብር ግን ድንጋይ አላቆምኩም፤
ድንጋይ በቅቷታል። እንጨት ቀብቼ ስሟን ጻፍኩ እንጂ፣ ሌላ አልደመርኩም።

ጠበቃዋ ከኪምበርሊ ትደውላለች፤ ወጣት ናት፣ ትቸኩላለች፤
«ገንዘቡ ጥቂት ነው፣ ይግባኝ እንበል?» ትላለች።
ልጄ፣ እኔ መቼ አቋርጬ አውቃለሁ?
መብራት ሲጠፋ፣ ማሽኑ ጸጥ ሲል፣ ጎኔን ይዤ ቁጭ እላለሁ፣
ይግባኝ እላለሁ።
ለዳኛ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ተነሥቶ፣ በመስኮቴ ለሚያልፈው ንፋስ ነው፤
ይግባኝ፤
የማንኪያ ያህል ይግባኝ፤ ሌላውን ልተወው።